ግሡ የታለ? የአንዲት ታናሽ ቃል ጉዞ ወደ መንዝ

በመንዝ ብርዱ ከተማሪው ቀድሞ ክፍል ይገባል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ የኅዳር ጠዋት፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ጠመኔ የያዙ ጣቶቻቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዘ ማውንቴን ኢዝ ቬሪ ሃይ» ብለው ጻፉ። ተራራው በጣም ከፍተኛ ነው ማለታቸው ነበር። ከሥሩ መስመር እያሰመሩም «ማውንቴን ስም፣ ኢዝ ግሥ፣ ሃይ ቅጽል፣ ቬሪ ተውሳከ ግሥ» አሉን። እኛም ጻፍን።

ከኋላ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቬሪ የተጨመረችው ለሃይ ነው። ሃይ ደግሞ ቅጽል ነው ብለዋል። ታዲያ ተውሳከ ግሥ ለምን ተባለች? የተጨመረችለት ግሡ የታለ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ወደ ሰሌዳው ዞረው ጥቂት ቆዩና «መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ጻፉ!» አሉ። ጥያቄዋ በዚያው ቀረች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ መኖር ከጀመርኩም በኋላ ያችን ጥያቄ ላወርዳት አልቻልኩም። እነሆ ዛሬ መልሷን ፍለጋ አንባቢን ይዤ ልውጣ። መንገዱ ከግሪክ ተነሥቶ፣ በሮምና በለንደን ዞሮ፣ ተመልሶ መንዝ ከአንድ የምንጭ ዳር ያደርሰናል።

ስም ይቀድማል

«ተውሳክ» ከግእዙ «ወሰከ» የወጣ ሲሆን ጭማሪ ማለት ነው። ተውሳከ ግሥ ስንል እንግዲህ የግሥ ጭማሪ፣ በግሥ ላይ የሚደረብ ማለታችን ነው። «ቶሎ መጣ» ሲባል «ቶሎ» በ«መጣ» ላይ ተደርባ አመጣጡን ትነግራለች። እስከዚህ ስምና ግብር ተስማምተዋል።

ይህ ስም ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ግድም የኖረው የእስክንድርያው ሊቅ ዲዮናስዮስ ትራክስ የግሪክኛን ቃላት በስምንት ክፍል ሲመድብ አንደኛውን ክፍል በግሥ ላይ የሚባል ብሎ ሰየመው። ሮማውያን ቃሉን ወደ ላቲን ሲመልሱት «አድቨርቢየም» አሉት፤ ወደ ግሥ የተጠጋ እንደማለት ነው። የእንግሊዝኛው «አድቨርብ» የዚህ ልጅ ነው። ስለዚህ ያ የመንዝ ልጅ ያነሣት ጥያቄ በለንደንም በሮምም ልትነሣ ትችል ነበር ማለት ነው።

እንግሊዞች ችግሩን ሳያውቁት አልቀሩም። ሊንድሊ መሬይ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1795 ያሳተመውና ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤቶች የነገሠው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ አድቨርብ ለግሥም፣ ለቅጽልም፣ አንዳንዴም ለራሱ ለሌላ አድቨርብ ይጨመራል ብሎ ትርጓሜውን አሰፋው። ትርጓሜው ሲሰፋ ስሙ ግን ጠባብ እንደሆነ ቀረ። ለሕፃንነቱ የተሰፋለትን እጀ ጠባብ ጎልማሳ ሆኖም እንደሚለብስ ሰው ነው ነገሩ።

የእኛስ ሊቃውንት? የቅኔ ቤቱ ሰው በግእዝ «ጥቀ» እና «ፈድፋደ» የሚሉ ቃላትን ያውቃል። ሁለቱም እጅግ፣ ይበልጡን እንደማለት ናቸው። የቅኔ ቤት ሥርዓት ታናናሾቹን አያያዥና አጋዥ ቃላት በግሥ ስም አልጠራቸውም። «አገባብ» ብሎ፣ እሱንም ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ ብሎ በሦስት ማዕረግ ከፈለው። አገባብ ማለት አንድ ቃል ከሌላው ጋር የሚገባበት፣ የሚገጥምበት መንገድ ነው። ስሙ ሰፊ ነው፤ «ግሡ የታለ?» የሚያሰኝ ነገር የለበትም።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው አከፋፈል ደግሞ በሌላ በር ገባ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ያሳተሙት «ያማርኛ ሰዋስው» ቃላትን በስምንት ክፍል አደራጀ። ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተፃምርና ቃለ አጋኖ። የጥንቱ የግሪክ ቁጥር ስምንት በግእዝ ስሞች አጊጦ አማርኛ ቤት ገባ። መጽሐፉ ትውልድ ያስተማረ ባለውለታ ነው። ከዚያ 50 ዓመት ግድም ዘግይቶ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ባዬ ይማም በ«የአማርኛ ሰዋስው» ስምንቱን ወደ አምስት አወረዱት። ተውሳከ ግሥ ግን ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ቀጠለ።

ሁለቱ ሰዋስዎች የተገናኙበት ደጋ

የአማርኛና የአውሮፓ ሰዋስው የተገናኙት ግን በመርስዔ ኀዘን ዘመን አልነበረም። ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው፤ የሚገርመውም መገናኛው ከእኛ ደጋ ብዙም አለመራቁ ነው።

ከግሼ ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው ምድር፣ መካነ ሥላሴ የምትባል ስመ ጥር ደብር ነበረች። የዚያ አገር ልጅ አባ ጎርጎርዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት ሮም ደረሱ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለው ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተዋወቁ። በኋላም ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 አገራቸውን ሳያዩ በባሕር ላይ አደጋ ሞቱ። እሳቸው ያስተማሩት አማርኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት ታተመ። ሰዋስው የተጻፈው በላቲን ነበርና የደጋው አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቲን ቁና ተሰፈረ።

የእንግሊዝኛው ቁና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ መጡ። ኢዘንበርግ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለንደን ላይ አሳተመ። ክራፕፍ ግን አንኮበር ቆየ። በዚያው በ1842 መጋቢት ላይ ተነሥቶ በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ወሎ ተሻገረ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት ያለውን ገፎት ባዶ እጁን ወደ ምጽዋ ሄደ።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። የአማርኛ ሰዋስው በእንግሊዝኛ ለንደን ታተመ፤ የኢዘንበርግ ባልንጀራም የመንዝን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ነበር። ያን ጊዜ እንግሊዞች አማርኛን ይማሩ ነበር እንጂ መንዝ እንግሊዝኛ አይማርም ነበር።

እንግሊዝኛ ዳገቱን ሲወጣ

ተራው የተገለበጠው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግብፃውያን መምህራን መጥተው የውጭ ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በቤተ መንግሥቱም በባቡሩም ሰፈር የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የእንግሊዝኛ ዘመን መጣ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በመላ አገሪቱ በአማርኛ ሆነና እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ወዲህ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ተደረገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አዘዘ።

በመካከሉ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተበተኑ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች «ቬሪ ጉድ»ን የሰሙት ከባለቤቱ አፍ ነው። እኛ ከሞላሌና ከመሐል ሜዳ፣ ከግሼ ራቤልና ከዓለም ከተማ አካባቢ የመጣነው የኋላ ልጆች ግን የተማርነው ከመጽሐፍ፣ መምህሮቻችንም የተማሩት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ቃል ይሰጣል፤ የቃሉን ልክ ግን ሁልጊዜ አይሰጥም። ለእኛ «ቬሪ» በጣም ናት፤ «ቱ» በጣም ናት፤ «ሶ» በጣም ናት፤ «ኳይት»ም ከጠፋ በጣም ናት። ለአራት በር አንድ ቁልፍ ይዘን ተመረቅን።

ግሥ የማትነካው የግሥ ጭማሪ

አሁን ወደ ጋቢ ለባሹ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ግሡ የታለ?

መልሱ አጭር ነው፤ የለም። እንዲያውም «ቬሪ» በግሥ ላይ ፈጽሞ አትደረብም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አይ ቬሪ ላይክ ሺሮ» አይልም። በግሥ ላይ ማጠንከሪያ ሲፈልግ «ቬሪ መች» ብሎ በሌላ ቃል አስታክኮ ከኋላ ያመጣታል። «ቬሪ» ቦታዋ ከቅጽል ፊት ወይም ከሌላ ተውሳክ ፊት ነው። በ«ቬሪ ሃይ»፣ በ«ቬሪ ኮልድ»፣ በ«ቬሪ ስሎውሊ» ውስጥ እንደምናየው ማለት ነው። የግሥ ጭማሪ ተብላ የምትጠራው ቃል ግሥን የማትነካ ሆና ተገኘች! ልጁ ትክክል ነበር፤ እኛም በከንቱ ሳቅንበት።

ታዲያ የእኛ ተማሪ ለምን «አይ ቬሪ ላይክ» ይላል? ስንፍና አይደለም። የአማርኛው «በጣም» በሁለቱም ቤት ስለሚገባ ነው። «በጣም ከፍተኛ ተራራ» ሲባል በቅጽል ላይ ነው፤ «በጣም እወዳለሁ» ሲባል በግሥ ላይ ነው። ከዚህም በላይ እንግሊዝኛ በቅጽል የሚለውን ብዙ ነገር አማርኛ በግሥ ይለዋል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ እንላለን፤ ሁሉም ግሥ ናቸው። እንግሊዙ ግን «አይ አም ሀንግሪ» ብሎ በቅጽል ይናገራል። ስለዚህ «በጣም በረደኝ» ሲባል «በጣም» እውነተኛ ተውሳከ ግሥ ነው። «አይ አም ቬሪ ኮልድ» ሲባል ግን አይደለም። ብርዱ ያው የመንዝ ብርድ ነው፤ ቃሉ የተቀመጠበት መደብ ግን ሌላ ነው።

ቅጽልን በማጠንከር ረገድም አማርኛ ድሃ አይደለም። የገጠሩ ሰው «በጣም» የምትለውን ቃል እንደ ቅመም ቆጥቦ ነው የሚጠቀምባት። ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ማጠንከሪያ አለው። ሀብታሙ ልጥጥ ያለ ነው፤ ድሃው ሙልጭ ያለ ነው፤ ሰነፉ የለየለት ነው፤ ገደሉ ጭው ያለ፣ ጨለማው ድቅድቅ ያለ ነው። ወደ መርሐቤቴ ቁልቁል የጀማን ሸለቆ ያየ ሰው «በጣም ጥልቅ ነው» ብሎ አይመለስም። እንግሊዞችም እንዲህ ያለ አላቸው፤ ጨለማውን «ፒች ዳርክ» ሲሉ ቅጥራን የመሰለ ማለታቸው ነው። ራሷ «ቬሪ» ብትሆን ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣች ናት፤ ትርጉሟም እውነተኛ ማለት ነበር። እኛ «እውነተኛ ጀግና» ስንል እንደምናጠነክረው መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ለፈተና ከመጥቀም በቀር ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። አንድ ቀን እስኪገባኝ ድረስ።

ከምንጩ ዳር

ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ በቀን አበል አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። ስሙን የማላነሣው አንድ የእርዳታ ድርጅት ምንጭ ሊያጎለብት አስቦ፣ ከመንዝ ደጋ ወደ ቆላው በሚወርደው አፋፍ ላይ የትኛው መንደር ይቅደም የሚለውን ያስጠና ነበር። የውጭ አገሩ መሐንዲስ ቅጽ ይዟል፤ እኔ መሐል ቆሜያለሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጀሪካን በገመድ አዝለው ዳገቱን ጨርሰው መጡ። መሐንዲሱ ጠየቀ፤ «ኢዝ ዘ ዋተር ቱ ፋር ፎር ኸር?»

እኔም «እማማ፣ ውሃው በጣም ሩቅ ነው?» አልኳቸው።

ጀሪካኑን ሳያወርዱ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ሩቅ አለው ልጄ። ያን ያህልም አይደል፤ ስንሄድበት ኖረን የለ?»

«ኖት ቬሪ ፋር» አልኩ። መሐንዲሱ ጻፈ።

የደጋ ሰው ችግሩን አሳንሶ እንደሚናገር አውቃለሁ፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ታሞ ተኝቶ «ትንሽ አሞኝ ነው» ይላል። ሰብሉን ውርጭ መቶት «ይመስገነው» ይላል። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የአማርኛ ተናጋሪ ሐሳቡን በድርብ ቃል መሸፈን እንደሚወድ ለዓለም ተናግሯል። ሆኖም ያን ዕለት የተሸፈነ ነገር አልነበረም። እማማ የተጠየቁትን በትክክል መለሱ። ስሕተቱ የጥያቄው ነበር፤ ጥያቄውም የእኔ ነበር።

«ቱ» እና «ቬሪ» አንድ አይደሉም። «ቬሪ ፋር» ርቀቱን ይለካል። «ቱ ፋር» ግን ሰውየውን ነው የሚለካው፤ ርቀቱ ከአቅሙ፣ ከጊዜው፣ ከሚችለው አለፈ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለዚህም ነው ከ«ቱ» በኋላ ብዙ ጊዜ «ለእገሌ» ወይም «ይህን ለማድረግ» የሚል ተከትሎ የሚመጣው። ቃሏ ከ«ቱ» መስተዋድድ የወጣች ሆና ጥንት በተጨማሪ፣ በዚያ ላይ ማለት ነበረች። በዚያ ላይ ሲደረብ ልኩን አለፈ፤ ትርጉሟም እንዲሁ።

አማርኛ ታዲያ ይህን መናገር አይችልም? ይችላል እንጂ! የሚገርመው ይሄ ነው። እኛ በጥቃቅን ቃል ከቅጽል ፊት አናስቀምጠውም፤ ግሡ ሆድ ውስጥ እንከተዋለን። ጫማው ጠበበኝ። ሸክሙ ከበደኝ። ጨው በዛበት። መንገዱ ራቀብኝ። «ኝ» እና «ብኝ» ያችን «ቱ» ተሸክመው የሚሄዱ ናቸው። ጫማው ጠባብ ነው ማለት ስለ ጫማው ነው፤ ጠበበኝ ማለት ግን ስለ እኔ እግር ነው። እንግሊዙ «ቢግ ኢናፍ» ብሎ ከቅጽሉ ኋላ የሚያስቀምጣትንም እኛ «ይበቃኛል»፣ «ልኬ ነው» ብለን እንገላገላታለን።

ስለዚህ ጥያቄው «እማማ፣ ውሃው አልራቀብዎትም ወይ?» መሆን ነበረበት። ይህችን ጥያቄ ሰምታ «አይ፣ ያን ያህልም» የምትል ጀሪካን ያዘለች እናት ያለች አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ቧንቧው ወደ ሌላ መንደር ገባ። ያም መንደር ውሃ የሚያስፈልገው ነበር፤ ምርጫውም በአንድ ሰው መልስ ብቻ የተደረገ አይሆንም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ነገር ግን በቅጹ ላይ፣ በዚያች መንደር መስመር ውስጥ የሰፈረችው ቃል ከእኔ አፍ የወጣች ናት።

መልሱ

እነሆ የልጁ ጥያቄ መልስ። በእንግሊዝኛ ግሡ የለም፤ ስሙ ነው ከግሪክ ዘመን የተረፈ። በአማርኛ ግን ግሡ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የነገሩ ልክ ያለው እዚያው ግሡ ውስጥ ነው። ለተማሪ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነበር። «ቬሪ፣ ቱ፣ ኢናፍ ሁሉም ተውሳከ ግሥ ናቸው፤ ጻፉ» ከማለት፣ አንደኛዋ ነገሩን ትለካለች፣ ሁለተኛዋ ልኩን አለፈ ትላለች፣ ሦስተኛዋ ልኩ ሞላ ትላለች ቢባል፣ ከጎኑም ጠባብ ነው፣ ጠበበኝ፣ ልኬ ነው ተብሎ ቢጻፍ የ7ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ጠዋት ይገባው ነበር። ጫማ ያልጠበበው የገጠር ልጅ የለማ! ስም ማውጣት ካስፈለገም «መጠን ነጋሪ» ብንላቸው የቅኔ ቤቱን «አገባብ» ያህል ባይሆን እንኳ ከተውሳከ ግሥ የተሻለ እውነት ይናገራል።

ሰዋስው የደረቀ ትምህርት ነው ይባላል። ቃሉ በግእዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል ደግሞ የሚያስፈልገው ቁመት ላነሰው ሰው ነው። እኔ ያን ዕለት ከአፋፉ ላይ በዲፕሎማ ቆሜ ከእማማ ቁመት አንሼ ነበር። አሁን አሁን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር፣ ጀሪካን ያዘለ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የማስቀድማት ጥያቄ አንዲት ናት።

«አልራቀብዎትም ወይ?»